12 ሴንቲ ሜትር

ያንን ቁጥር የነካሁበትን ቀን በደንብ አስታውሳለሁ። ከምሳ በኋላ ነበር፤ ዓይኔ ሊከደን ምንም አልቀረውም። ስክሪኔ ላይ የአንድ አሮጌ አደባባይ የከፍታ ልኬት ተዘርግቷል። ሰርቬየሮች በሌዘር ስካነር ለቅመው ያመጡት ነው። ወለሉ ከዳር ጀምሮ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ መሃል አካባቢ ሲደርስ ግን በሰያፍ የሚያልፍ ጎድጓዳ መስመር አለ። ጥልቀቱ 12 ሴንቲ ሜትር።

«ሰጥሟል» አልኩ በሆዴ። ይህን ሁሉ ዘመን ጋሪና መኪና የተመላለሰበት ድንጋይ ባይሰጥም ነበር የሚገርመው። መስመሩን መረጥኩ፣ ከግራና ከቀኙ ጋር አስተካከልኩት፣ ሴቭ አደረግኩት። ለጥ ያለ ወለል ሆነ። አንድ ደቂቃ ቢፈጅብኝ ነው።

ቢሯችን ትንሽ ነው። አሮጌ የገበያ አዳራሾችን፣ አደባባዮችንና ጣቢያዎችን ዛሬ ሰው እንዲገለገልባቸው አድርጎ ማደስ ነው ሥራችን። ይሄኛው ፕሮጀክት ሎተሪ ነበር፤ ድሮ የእህል ገበያ የነበረ የድንጋይ አዳራሽ፣ ከፊቱ ጥርብ ድንጋይ የተነጠፈ ሰፊ አደባባይ። አዳራሹ ቤተ መጻሕፍት ይሆናል፤ አደባባዩ ደግሞ ሰው አረፍ የሚልበት፣ ልጆች የሚሯሯጡበት፣ አንዳንድ ማታ ሙዚቃ የሚቀርብበት። የአደባባዩ ወለል ለእኔ ደረሰኝ። ደስታዬን አልችለውም ነበር።

አለቃችን ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ነገር አጫውተውኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ፈረንሳይ፣ ቦርዶ ከተማ ውስጥ ሁለት አርክቴክቶች፣ አን ላካቶንና ዣን ፊሊፕ ቫሳል፣ ሊዮን ኦኮክ የምትባል አነስተኛ አደባባይ አስውቡ ተባሉ። ሄደው ቁጭ አሉ። የሰፈሩን ሰው አነጋገሩ። ከዚያ «አደባባይዋ ቆንጆ ናት፤ ምንም አትጨምሩባት፤ ጠጠሯን ቀይሩ፣ ዛፎቿን ተንከባከቡ፣ ቶሎ ቶሎ አጽዱ» የሚል ሐሳብ አቀረቡ። በ2021 የሥነ ሕንፃ ትልቁን ሽልማት፣ ፕሪትዝከርን አገኙ፤ በዚያች ሥራ ብቻ እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

እኔ ታዲያ ምን ብል ጥሩ ነው? «ምንም ላለመሥራት ደረሰኝ የሚቆረጠው በስንት ነው?» ብዬ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

ወደ አደባባዩ ልመለስ። ዲዛይን ከመጀመሬ በፊት ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ፀሐይ ነበር። ይህን ዛሬ ስጽፈው ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን ለፎቶ ተመችቶኝ ነበር።

ሥራው ሲጀመር ድንጋዮቹ አንድ በአንድ ቁጥር እየተጻፈባቸው ተነሱ። ከግንበኞቹ አንዱ፣ ዕድሜያቸው ከአባቴ የሚበልጥ ሰው፣ ያንን ጎድጓዳ መስመር ሲደርሱ መዶሻቸውን አስቀምጠው ጠሩኝ።

«ኢንጂነር፣ ይቺን ምን ልናደርጋት ነው?»

«ትሞላለች ጋሼ። ከሌላው ወለል ጋር እኩል ትሆናለች።»

«የእነዚህ ድንጋዮች አነጣጠፍ እኮ ሌላ ነው።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። እውነታቸውን ነው። ሌላው ቦታ ድንጋዮቹ በአግድም ነው የተደረደሩት። ጉድጓዱ ውስጥ ያሉት ግን ርዝመታቸውን ተከትለው፣ አንዱ ከአንዱ ጭራ እየያዘ፣ እንደ ባቡር ፉርጎ ነው የሚሄዱት። ጠርዛቸውም ወደ መሃል ለስልሶ ተጠርቧል። የሰጠመ ድንጋይ እንዲህ ተሰልፎ አይሰጥምም። ይሄ ሁሉ ዓይኔ ሥር ነበር። እኔ ግን እጄ ላይ ፕላን ይዤ ነበር፤ ፕላኑ ደግሞ የራሴ ነው።

«ድሮ አንድ ጊዜ ጠግነውት ይሆናል» አልኩ።

«እሺ። ፕላኑ ያለው ይሁን» አሉና መዶሻቸውን አነሱ። አልተከራከሩኝም። ቢከራከሩኝ ኖሮ እሰማቸው ነበር ብዬ ለመማል ግን አልደፍርም።

ሁለተኛው ስህተት ከሳምንታት በኋላ መጣ። የድንጋዮቹ መጋጠሚያ ቀድሞ በአሸዋና በኖራ የተሞላ ነበር። የእኛም ሰነድ ኖራ ነው የሚለው። ኖራ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው፤ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ፣ ቶሎ እንዳይደርቅ እየተሸፈነና እየረጠበ። የሥራ ተቋራጩ ሰዎች የምረቃው ቀን እንደተቆረጠ፣ ሲሚንቶ ቢሆን በቀናት እንደሚያልቅ ነገሩኝ። ሲሚንቶ ለአሮጌ ግድግዳ ጠንቅ መሆኑን ማንም የቅርስ ጥገና የተማረ ሰው ያውቀዋል። እርጥበቱን ያፍናል፤ ታፍኖ የቀረው ውሃም ድንጋዩን ራሱን ይበላዋል። እኔም አውቃለሁ። ነገር ግን «ይሄ ወለል ነው፤ ግድግዳ አይደለም» ብዬ ፈረምኩ። ስፈርም ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ምረቃው ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ዘነበ።

አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ፤ የመደርደሪያዎቹን ቁጥር እቆጥራለሁ። በመስኮት ወደ ውጭ ሳይ አደባባዩ መስታወት ሆኗል። በጣም ያምር ነበር፤ ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አነሳሁ። ስልኬን ወደ ኪሴ ስመልስ ነው መስታወቱ ወደ እኔ እየመጣ መሆኑን ያስተዋልኩት። ውሃው አልቸኮለም። በሩ ሥር ትንሽ አመነታ። ከዚያ ደፉን ተሻግሮ አዲሱ የእንጨት ወለል ላይ ዘልቆ ገባ፤ የሲጋራ ቁራጩና የደረቀ ቅጠሉ ተንሳፎበት። በሩ አጠገብ መሬት ላይ የተደረደሩ የመጻሕፍት ካርቶኖች ነበሩ። የታችኞቹ ረድፎች ጠጥተው ሲያብጡ እያየኋቸው ነው። በእጄ መጥረጊያ ይዤ ወዲያና ወዲህ እሮጣለሁ። ምን ዓይነት አርክቴክት ነው በመጥረጊያ ጎርፍ የሚመልሰው?

በማግሥቱ ስብሰባ ተጠራ። አሠሪው አለ፣ ተቋራጩ አለ፣ አለቃችን አሉ፣ እኔ አለሁ። ሁሉም ወደ ፎርማኑ ነው የሚያየው። «ስሎፑን አበላሽታችሁታል» ተባለ። ፎርማኑ «በተሰጠን ሌቭል ነው የሠራነው» እያለ ይምላል። ሰርቬየር ተልኮ ይለካ ተባለ። እኔ ደብተሬ ላይ አበባ እየሣልኩ ነበር። ስብሰባው ሲያልቅ ስድስት አበባ ሥያለሁ፤ ቃል ግን አልተነፈስኩም።

ማታ ቢሮ ቀርቼ የመጀመሪያውን ፋይል ከፈትኩ። መስመሩ እዚያው አለ። የሰጠመ ድንጋይ ሳይሆን የዝናብ ውሃ መሄጃ ቦይ ነበር። ሰርቬየሮቹ ምንም አላጠፉም። ተቋራጩም በሌቭሉ በኩል ንጹሕ ነው፤ ያልኩትን ነው የሠራው። ሁለቱን ፋይሎች ጎን ለጎን አትሜ ያዝኩ። እውነቱን ለመናገር ጨዋነት ብቻ አይደለም የገፋኝ። ሰርቬየሩ ለክቶ ሲመለስ እንደሚታወቅ ገብቶኛል፤ ሳልጠየቅ ብናገር ይሻላል የሚል ስሌትም ነበረበት።

ጠዋት ወረቀቶቹን አለቃችን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። መነጽራቸውን አድርገው አዩ። ብዙ ቆዩ።

«መቼ ነው ያስተካከልከው?»

«ባለፈው ዓመት... ከምሳ በኋላ።»

ይህን ለምን እንደጨመርኩ ዛሬም አላውቅም። የከንፈራቸው ጫፍ ትንሽ ነቃ አለ፤ ሳቅ ግን አልነበረም። ተነስተው ወደ እኔ ጠረጴዛ ሄዱና ከፊት ለፊቱ የተሰቀለውን ትልቅ ፎቶ ከግድግዳው አወረዱት። የጣሊያኗ ሲዬና ከተማ አደባባይ፣ ፒያሳ ዴል ካምፖ ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የተነጠፈ፣ እንደ ዛጎል የተዘረጋ አደባባይ። በነጭ የድንጋይ መስመሮች ዘጠኝ ቦታ ተከፍሎ፣ ክፍሎቹ ሁሉ ወደ ታች፣ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ይሰበሰባሉ።

«ውሃው የት ነው የሚሄደው?» አሉኝ።

መስመሮቹ የሚገናኙበት፣ ዝቅተኛው ቦታ ላይ ያለውን የውሃ መውረጃ በጣቴ አሳየሁ። ከስንት መቶ ዓመት በፊት ያነጠፉት ሰዎች ውበቱንና ፍሳሹን አንድ ላይ ነው የሠሩት። ያ ፎቶ ዓመት ሙሉ ዓይኔ ፊት ተሰቅሎ ነበር። 12 ሴንቲ ሜትሯን ስሰርዝም ከስክሪኑ ጀርባ ነበር።

ያን ቀን ለአሠሪው ደብዳቤ ጻፉ። ስህተቱ የእኛ ቢሮ መሆኑን፣ የማስተካከያውንም ወጪ እኛ እንደምንሸፍን። ስሜ የትም ቦታ አልተጠቀሰም። ለፎርማኑ ግን ራሴ ሄጄ ነገርኩት። «ስብሰባው ላይ ብትናገር ኖሮ ጥሩ ነበር» አለኝ፤ ሌላ ምንም አላለም። ከዚያ በኋላ ሰላምታው ትንሽ ቀዝቀዝ ብሏል። አልፈርድበትም።

ተማሪ እያለሁ የቬኒስ ቻርተርን ለፈተና በቃሌ ይዤው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣ፣ ሙያችን እስከ ዛሬ የሚመራበት ሰነድ ነው። 9ኛው አንቀጹ እድሳት ግምት በሚጀምርበት ቦታ መቆም እንዳለበት ይናገራል። «ግምት» ሲል የፈረሰ ጣራን፣ የጠፋ ሐውልትን በምናብ መቀጠል ማለቱ ይመስለኝ ነበር። «ሰጥሟል» የሚለው የእኔ ቃልም ግምት ነበር። የለበሰው ግን የልኬት ልብስ ስለሆነ አላወቅኩትም።

አንድ የቢሮ ጓደኛዬ ሊያጽናናኝ ብሎ የአቴንሱን ጥንታዊ ኮረብታ፣ የአክሮፖሊስን ታሪክ አነሳልኝ። ባላኖስ የሚባል መሐንዲስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ እዚያ ያለውን ቤተ መቅደስ፣ ፓርተኖንን ሲጠግን እብነ በረዱን በብረት ማያያዣ አሰረው። የጥንቶቹ ግሪኮች ብረቱን በእርሳስ ማዕድን ሸፍነውት ነበር፤ የእሱ ብረት ግን እርቃኑን ገባ። ዝጎ አበጠና ድንጋዩን ሰነጠቀው። እ.ኤ.አ. ከ1975 በኋላ የመጡት አዳሾች ያንን ብረት እየነቀሉ በማይዝገው ታይታንየም ሲተኩ ኖረዋል። መጽናናቱን ተጽናናሁ። ራሴን ከፓርተኖን ጋር ማስተካከሌ ግን ትንሽ አበዛሁት።

ማስተካከያው አሰልቺ ነበር። ሲሚንቶውን በማሽን ብንቆርጠው የድንጋዩን ጠርዝ ይበላል። ስለዚህ በመሮና በትንሽ መዶሻ፣ መጋጠሚያ በመጋጠሚያ፣ በእጅ ተፈልፍሎ ወጣ። ለሳምንታት አደባባዩ ላይ የሚሰማው ቅጭል ቅጭል ብቻ ነበር። መጀመሪያ የጠየቁኝ ግንበኛ ራሳቸው ተመልሰው መጡ። ቁጥር የተጻፈባቸውን ድንጋዮች ደርድረው ሲጠብቁ አገኘኋቸው።

«ኢንጂነር፣ አሁንስ ፕላኑ ምን ይላል?»

«ፕላኑ ገና ነው ጋሼ። ዝናቡን እየጠበቅኩ ነው።»

ከት ብለው ሳቁ። እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም። በዘነበ ቁጥር ጠመኔና ዣንጥላ ይዤ እየወጣሁ ውሃው የቆመበትን፣ የሮጠበትን፣ የተመለሰበትን ሁሉ አሰመርኩ። ጠመኔው በውሃ ይታጠባል፤ ሰም ያለው እርሳስ ገዛሁ። እሳቸውም እየመጡ ጎኔ ይቆማሉ፤ አንዳንዴ ዣንጥላውን ይይዙልኛል።

የተሽከርካሪ ወንበር ጉዳይ አጨቃጨቀን። ቦዩ እንዳለ ከተመለሰ በወንበር የሚሄድ ሰው መሃል ላይ ይጠመዳል። ቢሯችን ውስጥ «አንድም ድንጋይ አይነካ» ያሉ ነበሩ። እኔ አልተስማማሁም፤ ቤተ መጻሕፍት የሚገባው በሁለት እግሩ የሚሄድ ሰው ብቻ አይደለም። በመጨረሻ አንድ ማቋረጫ ላይ ብቻ የቦዩን ሁለት ጎን እያንዳንዳቸውን 2.4 ሜትር አለሳለስናቸው። 12 ሴንቲ ሜትር በ2.4 ሜትር ማለት በ20 ሜትር 1 ሜትር መውረድ ነው፤ ወንበር ያለ ችግር ያልፍበታል። ሌላው ቦታ እንደነበረው ተመለሰ። ቀጣዩ ዝናብ ሲመጣ ውሃው ቦዩን ይዞ፣ አዳራሹን ገሸሽ ብሎ ሄደ። ስንት ወር ያየነው አበሳ በሁለት ደቂቃ አለቀ።

ግድግዳው ግን ያን ያህል ምሕረት አላደረገልንም። ወለሉ በሲሚንቶ ታሽጎ በቆየባቸው ወራት ከመሬት የሚወጣው እርጥበት መተንፈሻ ሲያጣ ወደ ግድግዳው ወጥቶ ነበር። እስከ ጉልበት ከፍታ ድረስ ጨው አበበ፤ ነጭ፣ እንደ ጥጥ የለሰለሰ፣ በጣት ሲነኩት የሚረግፍ። ከጽዳት ሠራተኞቹ አንዷ አዝነውልን በውሃ አጠቡት። በሳምንቱ በርክቶ መጣ፤ ውሃው ጨውን መልሶ ወደ ድንጋዩ ስለሚያስገባው። በደረቅ ብሩሽ ማንሳት፣ ከዚያ በተጣራ ውሃ የራሰ የወረቀት ልቁጥ ለጥፎ ጨውን መሳብ ነበረብን። ብዙው ለቀቀ።

ከበሩ በስተቀኝ ያለው ድንጋይ ግን ፊቱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተልጦ፣ ጠርዙ ላይ የነበረው ቅርጽ ረገፈ። አዲስ ጠርበን እንተካው ወይስ ይቆይ በሚለው ላይ ተወያየን። ይቆይ ተባለ። ባለፈው ሳልፍ ጥበቃው ወንበሩን እዚያ ድንጋይ ላይ አስደግፎ ተቀምጧል። ሊዘንብ ደመና ከብዷል። እኔም አጠገቡ ቆሜ ጠበቅኩ።