«አልጨመረም»፦ ስለ ልጄ ጀርባ የምሰጠው ምስክርነት

በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም አንድ አምላክ አሜን። ይህን ምስክርነት ለመስጠት የዘገየሁት፣ እግዚአብሔር ያደረገልኝ ነገር ሰዎች በምስክርነት መስማት የለመዱትን ስለማይመስል ነው። የልጄ ጀርባ ቀጥ አላለም፤ ዛሬም 28 ዲግሪ ያህል ወደ ጎን የተጣመመ ነው።

ነገሩን ያወቅነው በጥር 2012 ዓ.ም. ለጥምቀት ባሰፋሁላት የሐበሻ ቀሚስ ምክንያት ነው። ልጄ ያኔ 11 ዓመቷ ነበር። ስትለብሰው የግራው ጫፍ መሬት ሲነካ፣ የቀኙ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ልብስ ሰፊውን ተቆጣሁት። እርሱ ግን ሜትሩን አንሥቶ ሁለቱንም ጎን ለካና፣ «እትዬ፣ ጨርቁ እኩል ነው፤ እኩል ያልሆነው የልጅቷ ትከሻ ነው» አለኝ።

መጀመሪያ የወሰድኳት ክሊኒክ ልብሷን እንኳ ሳያስወልቃት፣ አቀማመጧን ታስተካክል፣ ቦርሳዋም ይቅለል ብሎ መለሰን። ስለዚህ ሰባት ወር ሙሉ ጠዋትና ማታ «ቀጥ በዪ!» እያልኩ ስጮኽባት ከረምኩ፤ ያ ጩኸት እስከ ዛሬ ይጸጽተኛል።

በመስከረም 2013 ዓ.ም. ያያት የአጥንት ሐኪም እግሮቿን ገጥማ ወደ ፊት እንድታጎነብስ ባዘዛት ጊዜ፣ የቀኝ ጎድን አጥንቶቿ ከግራዎቹ ከፍ ብለው ወጡ። ራጅ ሲነሣ 31 ዲግሪ ሆነ። ሕመሙ ስኮሊዮሲስ እንደሚባል፣ ከ10 ዲግሪ በታች የሆነ መጣመም በዚህ ስም እንደማይጠራ፣ አከርካሪው ወደ ጎን ከመጣመሙ ሌላ በራሱ ዙሪያ ስለሚጠመዘዝም የጎድን አጥንቱን እንደሚገፋው አስረዳን። በዚህ ዕድሜ በሚታየው በአብዛኛው ምክንያቱ አይታወቅም፤ በቤተሰብ ውስጥ ግን ሊደጋገም ይችላል። ቦርሳውም፣ አቀማመጧም፣ በሕፃንነቷ በአንቀልባ ማዘሌም አላመጣውም። ጎረቤት «የሰው ዓይን ነው» ሲለኝ፣ አማቴ «አስተዛዘልሽ ነው» ስትለኝ የከረምኩ ሴት ይህን በሰማሁ ጊዜ ከሐኪሙ ፊት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

የሚያሰጋው የቀራት ዕድገት ነበር። መጣመሙ የሚፈጥነው ልጅ ቁመት በሚጥልበት ወቅት ነው፤ በራጁ ላይ የታየው የዳሌ አጥንቷም ገና ብዙ እንደሚቀራት ይናገር ነበር። ከ50 ዲግሪ ካለፈ ዕድገት ካቆመ በኋላም ቀስ እያለ ስለሚጨምር፣ አጥንቶቹን በብረት ዘንግና በብሎን አያይዞ ወደሚያዋሕደው ቀዶ ሕክምና ይኬዳል። በኢትዮጵያ ብዙ ዓመት በኖሩት አሜሪካዊ ሐኪም በዶክተር ሪክ ሆድስ አማካይነት ወደ ጋና ተልከው ጀርባቸው የተሠራላቸውን ልጆች ወሬ ሰምቼ ስለ ነበር መንገድ እንዳለ አውቃለሁ፤ ግን የእናት ልብ በዚያ መንገድ እንዳይሄድ ይለምናል።

የታዘዘላት ብሬስ የሚሉት፣ ከብብት እስከ ዳሌ የሚይዝ የፕላስቲክ መደገፊያ ሲሆን በቀን 18 ሰዓት ይለበስ ተባለ። ሐኪሙ አላታለለኝም፤ ብሬሱ እንዳይብስ ይይዛል እንጂ የተጣመመውን አያቃናም አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የአሜሪካና የካናዳ ጥናት እንዳሳየው፣ ብሬስ ከለበሱት ልጆች 72 በመቶው፣ ካልለበሱት ደግሞ 48 በመቶው 50 ዲግሪ ሳይደርሱ ዕድገታቸውን ጨርሰዋል፤ ብዙ ሰዓት የለበሱትም የበለጠ ተጠቅመዋል። እኔ ግን ያን ሌሊት የቆጠርኩት ለብሰውም ያልተያዘላቸውን ከመቶ 28ቱን ነበር። «እመቤቴ ኪዳነ ምሕረት፣ ልጄን ከ28ቱ አታድርጊብኝ» እያልኩ አነጋሁ። ስዕለቴን ግን በሌላ ቃል ነበር የተሳልኩት፦ ቀጥ ብላ ካየኋት ጥላ አስገባለሁ አልኩ።

እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ስንመላለስ አንዲት ሴት፣ ጠበልና ፕላስቲክ አብረው አይሄዱም፣ ካመንሽ ጣይው አለችኝ። እኔም ለ11 ቀን አወለቅሁት። የንስሐ አባቴ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ፤ ሐኪምን የፈጠረው እግዚአብሔር እንደ ሆነ በሲራክ የተጻፈውን አስታውሰው፣ «ልጄ፣ ስድስቱን ሰዓት ለጠበሉ፣ 18ቱን ለሐኪሙ ትእዛዝ አድርጊው» አሉኝ። እንዲሁ አደረግን።

ሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር የለበሰችው እርሷ እንጂ እኔ አይደለሁም። በበጋው ሙቀት ከውስጥ የምትለብሰው ካናቴራ በላብ ይርስ ነበር፤ ጎኗ ላይ ቆዳዋ ቀላ፤ በትምህርት ቤት ሲጋጩባት እንደ ሣጥን የሚንኳኳው ድምፅ ያሳፍራት ነበር። ለእኔ ከሁሉ የከበደኝ የመጀመሪያው ስቅለት ነው። ሰው ሁሉ ሲሰግድ ልጄ በምሰሶው ሥር ቆማ ራሷን ብቻ ዝቅ ታደርግ ነበር። ማታ ላይ፣ «እማዬ፣ ያቺ በወንጌል ያለችው፣ 18 ዓመት ጎብጣ የኖረችው ሴት ቀና ማለት አቃታት፤ እኔ ደግሞ ማጎንበስ አቃተኝ» ብላ ሳቀች። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ቁመቷ መጨመር አቁሞ ብሬሱ እንዲወልቅ ሲፈቀድ፣ የመጨረሻው ራጅ 28 ዲግሪ አሳየ። «ቀነሰ!» ብዬ ልዘል ስል ሐኪሙ ያዘኝ። እስከ 5 ዲግሪ ያለው ልዩነት ከመለካቱ ሊመጣ ስለሚችል፣ ቀነሰ ሳይሆን አልጨመረም በሉ አለን።

ስዕለቱስ? ቀጥ ሳትል ጥላ ይገባልን? ብዬ የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው። እርሳቸውም፣ «ሌሊት ሌሊት እያለቀስሽ የለመንሽው የትኛውን ነበር?» አሉኝ።

የካቲት 16 ቀን 2016 ዓ.ም. ጥላውን አስገባሁ። ለምስክርነት ስቆም ከጎኔ ያለችው ወዳጄ «ተቃናች በዪ» ብላ ሹክ አለችኝ። እኔም 31ን፣ 28ን፣ ብሬሱንና ጠበሉን በቅደም ተከተል ተናግሬ «አልጨመረም» አልኩ። እልልታው ትንሽ ዘገየ፤ ግን ቀለጠ።

ልጄ በዚያ ቀን የለበሰችውን ቀሚስ የሰፋው ያው ልብስ ሰፊ ነው። የግራውን ጫፍ ሁለት ጣት ያህል አሳጥሮ ስለ ሰፋው ዙሪያው እኩል ይወርዳል።