ስሙ ተገኘ፣ ፕሮግራሙ ግን ሌላ ነበር

ኡቡንቱ በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ለዓመታት ሲሠራ የቆየ አንድ ሰርቨር ወደ ሌላ የሊኑክስ ዓይነት፣ ወደ ኒክስኦኤስ፣ እንዲዛወር ተወስኖ ሥራው ለእኔ ተሰጠኝ። ኒክስኦኤስ ፕሮግራሞችን በየጊዜው በትእዛዝ እየጫኑ የሚያበጁት ሊኑክስ አይደለም፤ የሚፈለገው ሁሉ በኮንፊገሬሽን ፋይል ይጻፋል፣ ሲስተሙም በተጻፈው መሠረት ይገነባል። ስለዚህ በአሮጌው ሰርቨር ላይ ያሉትን ፕሮግራሞች ዝርዝር አውጥቼ፣ ስማቸውን በአዲሱ ፋይል ውስጥ ገልብጬ፣ በአንድ ቀን የምጨርሰው መስሎኝ ነበር።

የፓኬጅ፣ ማለትም ለመጫን የተዘጋጀ ፕሮግራም፣ ስም ግን ከአንዱ ሊኑክስ ወደ ሌላው እንዳለ አይሻገርም። በኡቡንቱ ኤፍዲ-ፋይንድ የሚባለው ፋይል ፈላጊ የኒክስኦኤስ መሠረት በሆነው በኒክስ የፓኬጆች ስብስብ ውስጥ ኤፍዲ ብቻ ነው፤ አፓቼ2 የነበረው አፓቼኤችቲቲፒዲ ይሆናል፤ አርጂ የሚለውን ትእዛዝ ማግኘት የፈለገ ሰው ሪፕግሬፕ ብሎ መጻፍ አለበት። በኒክስ ቋንቋ ስም በአኃዝ መጀመር ስለማይችል የ7ዚፕ ፓኬጅ የግርጌ ሰረዝ በፊቱ አስቀድሞ ይጻፋል። ዶከርን በፓኬጆቹ ዝርዝር ውስጥ ማስገባት ትእዛዙን ያመጣል እንጂ አገልግሎቱን አያስነሳም፤ አገልግሎቱ እንዲሠራ ለብቻው በተዘጋጀለት የቅንብር መስመር መታዘዝ ይኖርበታል።

ይህ ሁሉ አሰልቺ ቢሆንም አደገኛ አልነበረም፤ ምክንያቱም የሌለ ስም በጻፍሁ ቁጥር ግንባታው ስሙ እንደማይታወቅ ከነመስመር ቁጥሩ ነግሮኝ ይቆም ነበር። እኔም በስህተት መልእክቶቹ እየተመራሁ አንድ በአንድ አስተካከልሁ፤ በመጨረሻ ግንባታው ያለ አንዳች ቅሬታ ሲያልቅ ዝርዝሩ ትክክል ነው ብዬ አመንሁ፣ ዝውውሩ መጠናቀቁንም አሳወቅሁ።

ከዝርዝሩ መካከል ምንም ሳያስቸግረኝ ያለፈው ስም ዋይኪው ነበር። ያምል በሚባለው የቅንብር አጻጻፍ የተጻፉ ፋይሎችን ለማንበብና ለመለወጥ የምንጠቀምበት ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ አንድ ስክሪፕታችንም አዲስ ሥራ በተለቀቀ ቁጥር የአገልግሎቱን የኮንፊገሬሽን ፋይል በእሱ አማካይነት እያስተካከለ ይጽፋል። ስሙን እንዳለ ጻፍሁት፣ ሲስተሙም ተቀበለው።

ከዝውውሩ በኋላ በ19ኛው ቀን አንድ የሥራ ባልደረባዬ መጥቶ፣ «ያለፈውን ወር ሎግ ወዴት አዛወርኸው?» ሲል ጠየቀኝ። ሎግ አገልግሎቱ የሠራው የሚመዘገብበት ፋይል ነው፤ የትም አላዛወርሁትም ነበር። ማውጫውን ስከፍተው ግን የ7 ቀን ሎግ ብቻ አገኘሁ፤ መቀመጥ የነበረበት የ90 ቀን ነው።

መጀመሪያ የተጠራጠርሁት በየሌሊቱ አሮጌ ሎጎችን የሚያጸዳውን ስክሪፕት ነው። ስክሪፕቱ ስንት ቀን ማስቀመጥ እንዳለበት የሚያውቀው ከዚያው የአገልግሎቱ የኮንፊገሬሽን ፋይል ውስጥ አንዲትን መስመር ጽሑፍ ፈላጊ በሆነው በግሬፕ ፈልጎ ነው፤ መስመሯን ካጣ ግን በውስጡ የተጻፈለትን 7 ቁጥር ይወስዳል። ፋይሉን ስከፍተው ያምል መሆኑ ቀርቶ ጄሰን የሚባለው ሌላ የአጻጻፍ ዓይነት ሆኖ አገኘሁት፤ መስመሮቹ ወደ ውስጥ ገብተዋል፣ ስሞቹ በትእምርተ ጥቅስ ታጥረዋል፣ ለዓመታት የጻፍናቸው ማስታወሻዎችም አንድ ሳይቀር ጠፍተዋል። ጄሰንን የያምል አንባቢዎች ያለ ችግር ስለሚያነቡት ዋናው አገልግሎት ምንም ሳይሰማው ሥራውን ቀጥሏል፤ መስመሯን በመልኳ ብቻ የሚያውቃት ግሬፕ ግን ሊያገኛት አልቻለም።

የዋይኪውን ስሪት ስጠይቅ 3 ብሎ መለሰልኝ። በአሮጌው ሰርቨር የነበረው ስሪት 4 ስለነበር፣ ኒክስ የቆየ ስሪት ሰጥቶኛል ብዬ ሌላ አንድ ሰዓት አባከንሁ። እውነቱ ግን በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት የተለያዩ ፕሮግራሞች መኖራቸው ነው። አንደኛው በፓይተን የተጻፈ፣ ጄኪው የሚባለውን የጄሰን ማቀነባበሪያ የሚጠቀልል ሲሆን፣ በተለየ ካልታዘዘ ውጤቱን በጄሰን ያወጣል፤ ሁለተኛው በጎ ቋንቋ የተጻፈና ያምልን እንደ ያምል የሚመልስ ነው። ቀላል ትእዛዞችን ሁለቱም በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ስለሚቀበሉ ስክሪፕታችን ልዩነቱን ሊያውቅ አልቻለም። በኒክስ ስብስብ ውስጥ ዋይኪው የሚለው ስም የፓይተኑ ነው፤ የጎው ዋይኪው-ጎ ይባላል። በአሮጌው ሰርቨር ላይ የነበረው ደግሞ አንድ ሰው በእጁ አውርዶ ያስቀመጠው የጎው ፋይል ነበር፤ የትኛው እንደሆነ በየትም ቦታ አልተመዘገበም።

ኒክስ የተመሠረተበት፣ ኤልኮ ዶልስትራ እ.ኤ.አ. በ2006 በዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ የተብራራው ሐሳብ፣ የተገነባ ነገር ሁሉ ከግብዓቶቹ በተሰላ መለያ እንዲቀመጥ ያደርጋል። በዚህም የጻፍሁት ነገር ነገም በሌላ ማሽን ላይ ያው እንደሚሆን ዋስትና አለኝ። የጻፍሁት የፈለግሁት ስለመሆኑ ግን ማንም ዋስ አልሆነልኝም፤ እንዲያውም የተሳሳተውን ፕሮግራም በየግንባታው በታማኝነት ሲያመጣልኝ ነበር። ኒክስኦኤስ ወደሚያስቀምጠው የቀድሞ ግንባታ፣ ማለትም ወደ ቀደመው የሲስተም ትውልድ፣ መመለስም አልጠቀመኝም፤ የሚመለሱት ፕሮግራሞችና ቅንብሮች ናቸው እንጂ ስክሪፕት የሰረዘው ሎግ አይደለም። ደግነቱ አሮጌው ሰርቨር ገና አልተደመሰሰም ነበርና እስከ ዝውውሩ ቀን ያለውን ከዚያ ገለበጥን፤ ከዚያ ወዲህ ያለው የ12 ቀን ሎግ ግን እንደጠፋ ቀረ።

አሁን ፓኬጅ የምፈልገው በስሙ አይደለም። የምፈልገውን ትእዛዝ የፋይል ስም ይዤ ኒክስ-ሎኬት በሚባለው መሣሪያ የትኞቹ ፓኬጆች እንደያዙት አያለሁ፤ ከአንድ በላይ ሲመጣ የየፓኬጁን መግለጫና መነሻ ድረ ገጽ አነባለሁ፣ ከዚያም ፓኬጁን ሳይጭኑ በሚሞክሩበት ጊዜያዊ ሼል ከፍቼ ስሪቱን ከአሮጌው ማሽን ጋር አስተያያለሁ። በኮንፊገሬሽኑም ውስጥ ከዋይኪው-ጎ አጠገብ «የጎው፣ ስሪት 4፤ የኮንፊገሬሽን ስክሪፕቱ ይጠቀምበታል» የሚል ማስታወሻ አለ። የማጽጃው ስክሪፕትም ተለውጧል፤ የቀኑን ቁጥር ካላገኘ አንድም ፋይል ሳይነካ ይቆማል።