«በዚች ጥሩንባ ነው የምታዳምጪው?»

ሰሞኑን ማዋለጃ ክፍል ናይት ዱቲ ነበርኩ። ለሊት 8 ሰዓት አካባቢ መብራት ሄደ፣ ጀነሬተሩ እስኪነሳ ያው የለመድነው የስልክ ባትሪ ነው፣ እኔም ከጋውኔ ኪስ ፌቶስኮፔን (ሆድ ላይ አስቀምጠን የልጁን የልብ ምት የምናዳምጥባትን ቱቦ) አውጥቼ መዳፌ ውስጥ አሞቀው ጀመር (አልሙኒየም ስለሆነ ለሊት በረዶ ነው፣ ሳላሞቀው ሆድ ላይ ካስቀመጥኩት ሴትየዋ ምጧን ትታ እኔን ነው የምትሳደበው)። እኛ ጋ አሁን አንድ አስታማሚ አብሮ ይገባል፣ ባልየው አጠገቧ ቆሟል፣ እጄን አየና «ሲስተር፣ በዚች ጥሩንባ ነው እንዴ የምታዳምጪው? ማሽን የላችሁም?» አለኝ።

አልፈረድኩበትም። እኔም ተማሪ እያለሁ የድሮ ዘመን እቃ ትመስለኝ ነበር። እውነትም ድሮ ናት፣ ፒናር የሚባል ፈረንሳዊ ሀኪም ነው እንደ ፈረንጆቹ በ1895 የሰራት፣ እስከ ዛሬ ቅርጿ ብዙም አልተቀየረም። ባትሪ የለ ቻርጀር የለ። ግን አጠቃቀሟ እንደምትመስለው ቀላል አይደለም፣ መጀመሪያ በእጅ የልጁን ጀርባ ፈልገሽ ታገኛለሽ፣ ድምፁ ጥርት ብሎ የሚሰማው በጀርባው በኩል ነው፣ ከዛ ጆሮሽን ታስጠጊና እጅሽን ትለቂያለሽ፣ በጆሮሽ ብቻ ጫን አርገሽ ትንፋሽሽን ዋጥ ታደርጊያለሽ። ከግድግዳ ማዶ እንዳለ ሰዓት ነው የሚሰማው፣ ፈጠን ያለ ሰዓት። በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ድረስ ደህና ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ዋናው ነገር ቁጥሩ ብቻ አለመሆኑን ነው፣ መቼ ቆጠርሽ ነው ጥያቄው። ምጥ ሲመጣ ማህፀን ይጨመቃል፣ ወደ እንግዴ ልጁ የሚሄደው ደም ይቀንሳል፣ ጤነኛ ልጅ ይሄን ይችለዋል፣ ምጡ ለቆም ልቡ ቀስ ብሎ የሚቀር ከሆነ ግን ልጁ አየር እያጠረው ሊሆን ይችላል። ስለዚ ምጡ እያለ ጀምረሽ ከለቀቀም በኋላ ቢያንስ 30 ሰከንድ ታዳምጫለሽ፣ በጠቅላላው ከአንድ ደቂቃ አያንስም። ምጥ የለም ብለሽ ፀጥ ባለበት ሰዓት ብቻ ቆጥረሽ 140 ፅፈሽ ብትሄጂ ያዳመጥሽው ነገር የለም በቃ።

ሌላው የእናትየው እጅ ነው። አዲስ ተመርቄ አንድ ቦታ ስሰራ ዶፕለር (የልጁን ልብ ምት በድምፅና በቁጥር የሚያወጣ ትንሽ ማሽን) ነበረን፣ ሆድ ላይ አደረኩት 112 አለኝ፣ ደስ ብሎኝ ልፅፍ ስል አንዷ ሲኒየራችን «እጇን ያዢ እስቲ» አለችኝ። የእጇን ምት ስቆጥር እሱም 112! ለካ ስሰማ የነበረው የሷን ደም ነው። ውሃዋ ከፈሰሰ ቆይቷል፣ ትኩሳት አላት፣ ለዛ ነው ልቧ የሚሮጠው። የልጁን ወደ ሌላኛው ጎን ሄጄ ፈልጌ ሳገኘው 170 ገብቷል፣ ኢንፌክሽን ነበር፣ ያኔውኑ ሀኪም ተጠራ አንቲባዮቲክ ተጀመረ ልጁም ተርፎ ወጣ። እኔ ግን ሲኒየራችን ባትኖር 112 ብዬ ፅፌ ሻይ ልጠጣ ነበር። ከዛን ቀን ጀምሮ አንድ ጆሮዬ ሆድ ላይ ከሆነ አንድ እጄ የእናትየው አንጓ ላይ ነው።

ባልየው ማሽን ያለኝ ሲቲጂውን ነው። ሁለት ቀበቶ ሆድ ላይ ይታሰራል፣ አንዱ የልጁን ልብ አንዱ ምጡን ይይዛል፣ ወረቀት እየተሳበ ይወጣል። ግፊት ላላት፣ ልጇ እድገቱ ለቀነሰ፣ ምጥ የሚያፋጥነው ኦክሲቶሲን ለተሰቀለላት ሴት እኔም እፈልገዋለሁ፣ የለም ስባል ያናድደኛል። ምንም ችግር ለሌላት ሴት ግን የሚያመጣው ለውጥ ሰው እንደሚያስበው አይደለም። የህክምና ጥናቶችን ሰብስበው የሚገመግሙት ኮክሬን የሚባሉት እንደ ፈረንጆቹ በ2017 ከ37,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉባቸውን 13 ጥናቶች አንድ ላይ አይተው ያወጡት፣ በየጊዜው ከማዳመጥ ጋር ሲነፃፀር በማሽን ሲከታተሉ ህፃናት ላይ የሚታየው የሚጥል አይነት መንቀጥቀጥ በግማሽ ቀንሷል፣ የሚሞቱ ልጆች ቁጥር ላይና ሴሬብራል ፓልሲ (አንጎል ሲጎዳ የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ላይ ግን ልዩነት አልታየም፣ ኦፕራሲዮን ደግሞ ጨምሯል። እኔ በአይኔ ያየሁትን ልጨምር፣ ሴትየዋ ታስራ ትተኛለች፣ መንጎራደድ የለ ጎን መቀየር የለ፣ እኛም ስንገባ ቀድመን የምናየው ወረቀቱን ነው ከዛ እሷን።

ግን እዚህ ጋ ራሴንም ላጋልጥ። በጆሮ ማዳመጥ የሚሰራው የሚያዳምጥ ሰው ሲኖር ነው። ምጡ ከጠና በኋላ ቢበዛ በየ30 ደቂቃው፣ መግፋት ስትጀምር በየ5 ደቂቃው ነው የሚባለው፣ ለሊት ሁለት ሆነን ስድስት ምጥ ላይ ያሉ ሴቶች ሲኖሩ እስቲ አስሉት። ፓርቶግራፍ (የምጡን ሂደት የምንመዘግብበት ወረቀት) ላይ የልብ ምቱ 140፣ 140፣ 140 እያለ በማስመሪያ የተሰመረ መስሎ ካያችሁ ከወሊድ በኋላ ቁጭ ተብሎ የተሞላ ነው፣ የማንም ልጅ ልብ እንደዛ አይመታም። እኔም ሞልቼ አውቃለሁ። ያ ወረቀት'ኮ እንደ ፈረንጆቹ በ1972 በዛሬዋ ዚምባብዌ ውስጥ ሲሰራበት ሀኪም እሩቅ የሆነባቸው አዋላጆች ምጡ ሲጓተት ቀድመው አውቀው እንዲልኩ ታስቦ ነው፣ ለፋይል ማሳመሪያ አልነበረም።

ወደ ለሊቱ ልመለስ። ልጅቷ በጀርባዋ ነበር የተኛችው፣ ማርያም ማርያም ትላለች፣ ምጡ ሲለቅ የልጁን ልብ ስቆጥር ወደ 100 ወርዶ ቆይቶ ነው የተመለሰው። «የኔ እናት ወደ ግራ ዞር በይልኝ» ብዬ ከባልየው ጋር አዞርናት፣ በጀርባ ሲተኛ ማህፀኑ ትልቁን የደም ስር ይጫነዋል። ሀኪሙን እንዲጠሩልኝ ነገርኩና ለሚቀጥሉት ሶስት ምጦች ጆሮዬን አላነሳሁም። 128፣ 134፣ 136። ሀኪሙ መጥቶ አይቶ እየተከታተልን እንቀጥል አለ። ባልየው ዝም ብሎ ያየኛል፣ «ና ስማ» አልኩት። ጎንበስ ብሎ መጀመሪያ ምንም አልሰማ አለው፣ ትንሽ ቆይቶ ፊቱ ተቀየረ፣ «ሲስተር ፈጠነ'ኮ፣ ደህና ነው?» እያለ ጆሮውን አላነሳም፣ ተራዬን ለምኜ ነው የተቀበልኩት።

ንጋት ላይ ሴት ልጅ ተወለደች። አያትየው ውጪ ሆነው ሶስቴ እልል አሉ (ለወንድ ሰባት ነው፣ ይሄንን ሌላ ቀን እከራከራቸዋለሁ)። እኔም ሪፖርቴን አስረክቤ እንቅልፌን ይዤ ቤት ገባሁ፣ ፌቶስኮፑን በአልኮል ጠርጌ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ፊቴን ታጥቤ ስመለስ የአራት አመቷ ልጄ አፏ ላይ አድርጋ እንደ ጥሩንባ ትነፋዋለች።