ለጥምቀት መድረስ፦ ከዛንዚባር ወደ ጎንደር

የእኔና የእህቴ ነገር እንዲህ ነው። እሷ የምትኖረው ስዊድን፣ ስቶክሆልም፣ እኔ ጎንደር፤ በዓመት አንዴ የምንገናኘው ደግሞ የታንዛኒያዋ ደሴት ዛንዚባር ላይ ነው። ታኅሣሥ ላይ እነሱ አገር ፀሐይዋ ገና ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። የልጆቹ ትምህርት ቤት የሚዘጋውም ያኔ ነው። ስለዚህ ብርዱን ሸሽተው ወደ ባሕር ይወርዳሉ፤ እኔም ከዚህ ሄጄ እቀላቀላቸዋለሁ። ትኬቴን እሷ ትቆርጣለች። በርበሬው፣ ሽሮውና ድርቆሹ የእኔ ድርሻ ነው።

ለምን ጎንደር አይመጡም? ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል። የሚኖሩበት አገር መንግሥት ወደ አማራ ክልል አትጓዙ ይላል። ባለቤቷ ልጆች ይዞ እንዲህ ያለ ነገር ላይ አይደራደርም። አልፈርድበትም።

እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። እነሱ የሚያመልጡት ከክፉ ወቅት ነው፤ እኔ ግን ጎንደርን በምርጥ ወቅቷ ነው ጥያት የምሄደው። ታኅሣሥና ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል። አዝመራው ይሰበሰባል። ቀን ፀሐይዋ ትሞቃለች እንጂ አትለበልብም፤ ማታ ደግሞ ጋቢ ተከናንቦ ቡና ዙሪያ መቀመጥ ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ላደገ ሰው ዕረፍት ማለት ይህ ነው። ዛንዚባር ላይ ግን በዚያ ሰሞን ሌሊቱ ራሱ ላብ በላብ ያደርጋል። ያጠብሽውን ልብስ ብታሰጪ እስከ ማግስቱ እርጥብ ነው። ጨው እንኳ ዕቃው ውስጥ እንዳለ ይረጥባል።

ደሴቲቱን ግን አላማም። የምወድላት ብዙ ነገር አለ። አንዱ ሰዓታቸው ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛው ከንጋት ጀምረው ነው። እህቴ ውጭ ስለቆየች ይህ ከአእምሮዋ ወጥቷል። አንድ ባለ ጀልባ ሁለት ጣቱን አሳይቶ ‘ነገ በዚህ ሰዓት እንሄዳለን’ ቢላት፣ ከቀትር በኋላ መስሏት ልጆቹን አስተኝታለች። እኔ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ባሕሩ ዳር ቆሜ ነበር። ሰውየውም ጀልባውን አዘጋጅቶ ቆሟል። ‘ሌሎቹስ?’ በሚል ዓይን አየኝ። በቋንቋ አንግባባም፤ በሰዓት ግን ተግባባን። ሮጬ ሄጄ ቀሰቀስኳቸው።

በአሮጌው የከተማ ክፍል፣ በስቶን ታውን ጠባብ መንገዶች ውስጥም ደስ ይለኛል። ሰዎች ደጃፋቸው ላይ በተሠራ የድንጋይ መደብ ተቀምጠው ቡና ይጠጣሉ። መደቡን ባራዛ ይሉታል። ሲኒው ትንሽ ነው፤ እንደኛው እጀታ የለውም። ቡናው ውስጥ ዝንጅብል ይገባል። በኦቾሎኒና በስኳር የተሠራ ደረቅ ጣፋጭ አብረው ይሰጡሻል። ቄጤማና ዕጣን የለም፣ ሁለተኛና ሦስተኛም የለም። ጠጥተሽ ትሄጃለሽ። ቡናው ጥሩ ነው፤ ግን ሁልጊዜ የጎደለ ነገር ያለ ይመስለኛል።

የተቀመጥነው ምሥራቁ ዳርቻ ላይ፣ ፓጄ ነበር። እዚያ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ሩቅ ይሸሻል። በሸሸበት ሜዳ ላይ ሴቶች የባሕር ሣር ያለማሉ። አጭር አጭር እንጨት ይተክላሉ፣ በመሐሉ ገመድ ይወጥራሉ፣ ገመዱ ላይ ሣሩን በክር እየቋጠሩ ያስራሉ። አንዷ አጠገብ ቆሜ ብዙ ጊዜ አየሁ። ውሃው ውስጥ ቁጭ ብላ፣ ቀና ሳትል፣ ቋጠሮ በቋጠሮ ትሄዳለች። የጣቶቿ ጫፍ ነጥቶ ተጨማዷል። ሣሩ ደርቆ ወደ ውጭ ይላካል፤ ለምግብና ለቅባት ማወፈሪያ ይሆናል። ባሕሩ እየሞቀ በሄደ ቁጥር ሣሩ እየሞተ እንዳስቸገራቸው ነገሩን። እኛ ለመዝናናት የመጣንበት ሙቀት የእነሱን ማሳ ይገድላል። ይህ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም።

የቀረውን ላሳጥረው። እስከ ገና ጾም ነበርኩ። ባቄላ በኮኮናት ወተት፣ ካሳቫና ቻፓቲ ስበላ ሰነበትኩ። እህቴ ዓሣ ትበላለች። ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለው ክርክር ዘንድሮም አልቀረም፤ ዘንድሮም አልተፈታም። የገና ዕለት ዶሮ ሠራን። ከጎንደር የወሰድኩት በርበሬ ሲቁላላ ያረፍንበት ቤት ባለቤት እያነጠሰች ወጥ ቤቱን ለቃ ወጣች፤ ኋላ ግን ሳህን ይዛ መጣች። አንድ የወጪ ነገርም ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ወደ ዛንዚባር የሚገባ አዋቂ የውጭ ሰው 44 ዶላር የጉዞ ኢንሹራንስ መክፈል አለበት። እህቴ ቁጥሩን ስትሰማ ‘በየታቦቱ አንድ አንድ ዶላር’ አለች። አርባ አራቱን የጎንደር ታቦታት ማለቷ ነው። ከልጅነቷ ከተማ አእምሮዋ ወጥቶ አያውቅም።

የተለያየነው ጥር 8 ነው። እነሱ ወደ በረዶው፣ እኔ ወደ ጎንደር። ትንሿ የእህቴ ልጅ አየር ማረፊያው ውስጥ ብርድ ብርድ አላት። ሹራቤን አውልቄ አለበስኳት። እስከ ጉልበቷ ደረሰ። ይዛው ሄደች፤ እንድትመልስም አልጠየቅኳትም። በረራው ላይ ተኛሁ። ስነቃ ቦሌ ነበርን፤ መሽቷል።

የጎንደሩ በረራ ጠዋት ነበር። ጥምቀት ሲቃረብ ወደ ጎንደር ወንበር ማግኘት ከባድ ነው፤ የተገኘውን መያዝ ነው። ለአንድ ሌሊት ብዬ ቦሌ አካባቢ ወዳለ ፔንሲዮን ሄድኩ። በስልክ 1,800 ብር ብለውኝ ነበር። ስደርስ 3,000 ሆነ። ‘የበዓል ሰሞን ነው’ አለኝ ልጁ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ። በዓሉ ያለው ጎንደር፣ ጭማሪው ቦሌ! ተከራክሬ 2,700 ላይ ተስማማን። አሁንም ሳስበው ያበግነኛል። ታች ጭፈራ ቤት አለ። እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት መስኮቱ ሲንቀጠቀጥ አደረ። ብርድ ልብሱ ስስ ነው፤ ሲጋራ ሲጋራ ይላል። ተጨማሪ ጠየቅኩ፤ የለም ተባልኩ። ዓይኔ ሳይከደን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ወጣሁ።

የአገር ውስጥ መንገደኞች ማረፊያው ብርድ ነበር። እኔ በስስ ቀሚስ ነኝ። ክንዴን አጣጥፌ ስንቀጠቀጥ አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት ዝም ብለው ጋቢያቸውን ከላያቸው ላይ አነሱና አለበሱኝ።

‘ኧረ እማማ፣ ይበርድዎታል።’

‘እኔ ደርቤያለሁ። አንቺን ነው ብርድ የሚመታሽ፣ ልጄ።’

ከፌስታላቸው ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ። አዲስ አበባ የመጡት ዓይናቸውን ለመታከም ነው። ለጥምቀት ካልደረስኩ ብለው ልጃቸውን አስጨንቀው ነው ትኬት ያስቆረጡት።

‘ከየት ነው እንዲህ ተራቁተሽ የመጣሽው?’ አሉኝ።

‘ከዛንዚባር። ባሕር ላይ ያለ ደሴት ነው።’

‘እንደ ጣና?’

‘ውሃው ከጣና በጣም ይሰፋል፤ ጨውም ነው።’

‘ገዳሙ የማን ነው?’

ገዳም እንደሌለው፣ ሕዝቡም አብዛኛው ሙስሊም እንደሆነ ነገርኳቸው። ትንሽ አሰብ አደረጉና ‘ሴት ያስገባሉ?’ አሉኝ።

ጥያቄው ገብቶኛል። ለእሳቸው ደሴት ማለት ዳጋ እስጢፋኖስ ነው። ጎንደርን የቆረቆሩት የአፄ ፋሲል አፅም ያለው እዚያ ነው፤ ሴት ደግሞ አይረግጠውም። ሰው ወደ ደሴት የሚሄደው ለጸሎት ወይም ለሱባኤ ነው። ሰው ደሴት ላይ ወጥቶ ሲዋኝ ይሰነብታል ቢሏቸው ነገሩ አይገባቸውም። እህቴን ለማየት እንደሄድኩ ነገርኳቸው። እሱ ገባቸው። ‘ደግ አደረግሽ፤ እህት እናት ናት’ ብለው ጋቢውን ትከሻዬ ላይ አጠባበቁት። አውሮፕላኑ ዝቅ ሲል ‘ሚካኤል ሆይ’ እያሉ እጄን ጨምድደው ያዙ። እስክናርፍ አልለቀቁኝም።

አዘዞ፣ የጎንደር አየር ማረፊያ ስንወርድ ሰማዩ ያው የጥር ሰማይ ነበር። አየሩ ደረቅ ነው፤ ስትተነፍሺው ደረትሽ ይከፈታል። ወንድሜ የጓደኛውን ባጃጅ ይዞ መጥቷል። መንገዱ ዳር ነጠላና የሐበሻ ቀሚስ ተሰቅሏል፣ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ሪባን በየቦታው ይውለበለባል። እኔ በየት በየት አዲስ ሱቅ እንደተከፈተ እያየሁ ነበር። ወንድሜ ግን የሚነግረኝ ነገር ነበረው።

‘ውሃ ከመጣ ሳምንት አልፎታል። የሮቶው ፓምፕም ተቃጥሏል።’

ፀጉሬ ውስጥ የባሕር ጨው፣ ላዬ ላይ የፔንሲዮኑ ሲጋራ አለ። ቤት ስደርስ የጎረቤታችን ልጅ አንድ ጀሪካን ውሃ በር ላይ አስቀምጣ ሄዳለች። ማንም አልጠየቃትም። በጆግ እየቀዳሁ፣ ጠብታ እየቆጠብኩ ታጠብኩ። ለዚያ ሁሉ ቀን ዙሪያዬን ባሕር ነበር፤ እንደዚያ ያረካኝ ውሃ ግን የለም። እንዲህ ስል ችግሩን ማሞገሴ አይደለም። ይህን የሚያህል ከተማ፣ ይህን የሚያህል እንግዳ በሚቀበልበት ሰሞን ውሃ በፈረቃ መጠበቁ ያሳዝነኛል። ማታ ጎረቤት ተሰበሰበ፤ ቡና ተፈላ። ከዛንዚባር ያመጣሁትን ቅርንፉድና ቀረፋ በትንሽ በትንሹ ቋጥሬ ለሁሉም አደልኩ። ቅርንፉዱ ወፍራም ነው፤ ጥፍርሽን ስታሳርፊበት ዘይቱ ብቅ ይላል። ሦስተኛውን ጠጥተን ነው የተነሣነው።

ከተራ ዕለት ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ወረድኩ። ገንዳው ዓመቱን አብዛኛውን ደረቅ ነው። ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ውሃ ይገባበታል። ስደርስ ሞልቶ፣ መሐሉ ላይ ያለው የፋሲል ሕንፃ ውሃው ላይ ቆሞ ይታያል። የዛፎቹ ሥር የድንጋዩን አጥር አቅፎ ወርዷል። ታቦታቱ ሲገቡ እልልታው ጆሮ ይበጥሳል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2019 ጥምቀትን መዝግቦታል። መመዝገቡ ደስ ይላል፤ እዚህ ለሚያድረው ሕዝብ ግን በዓሉ ድሮም በዓል ነው።

ሌሊቱን ቅዳሴ አደርኩ። ጠዋት ውሃው ከተባረከ በኋላ ወጣቶቹ ገንዳው ውስጥ ሲዘሉ ለእህቴ በቪዲዮ ደወልኩላት። ስቶክሆልም ገና ጨለማ ነበር፤ እኛ በሁለት ሰዓት እንቀድማቸዋለን። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው። ትንሿ ሹራቤን እንደለበሰች ስክሪኑ ላይ ተደቅና ‘ያ መዋኛ ነው? እኔም መዝለል እፈልጋለሁ’ አለች። እህቴ ምንም አላለችም። ስልኩን ወደ ዘማሪዎቹ አዙሬ ያዝኩላት።

ማታ መልሳ ደወለች። በግልጽ ነገርኳት። ወደ ባሕር መምጣቱን አልተውም፤ ግን እሷም ጥምቀትን ጎንደር መዋል አለባት አልኳት። ልጆቹ በጥምቀት ሰሞን ትምህርት አላቸው፤ አባታቸውም ይፈራል። ስለዚህ ብቻዋን፣ ለአንድ ሳምንት፣ በአውሮፕላን ብቻ እንድትመጣ ተነጋገርን። ባሏን ራሷ ታናግረዋለች። ትኬቱን እስከ መስከረም ካልቆረጠች ወንበር እንደማይገኝ አስጠንቅቄያታለሁ። ‘ውሃውስ?’ አለችኝ። እሱ የእኔና የወንድሜ ጉዳይ ነው። ጥር 13 ቀን ለፓምፑ ቴክኒሺያን አምጥተን አሳየነው። ሞተሩ አይሆንም፣ አዲስ ይገዛ ብሏል። ገንዘቡን ከወንድሜ ጋር ተካፍለን እያዋጣን ነው።