ሲኞራ፣ ማርና የሞንታልቺኖ ኮረብታ

ትናንት ሐሙስ ነበር፤ የዕረፍት ቀኔ። ጣልያን አገር ሰው ቤት ተቀምጠን አረጋውያን የምንጦር ሴቶች ሐሙስንና እሑድን እንደ ዓመት በዓል ነው የምንጠብቃቸው። እኔ ሐሙስ ሐሙስ ሲዬና ካሉ የአገሬ ልጆች ጋር ቡና ተፈልቶ ሲወራ እውላለሁ። ረቡዕ ማታ ግን የምጦራቸው ሲኞራ ሾርባቸውን እየጠጡ፣ "ነገ የወንድሜ ልጅ ሞንታልቺኖ ይወስደኛል። አንቺም ነይ። ለሥራ አይደለም፣ ለመብላት ነው" አሉኝ። ለመብላት ከተባለ ምን እላለሁ? ቡናው ለእሑድ ተላለፈ።

ሲኞራ 83 ዓመታቸው ነው። አብሬያቸው ስኖር ሦስት ዓመቴ። እሳቸው "አንቺ" ይሉኛል፣ እኔ "እርስዎ" እላቸዋለሁ። ከሞንታልቺኖ በታች ባለ የእርሻ ቤት እንደተወለዱ አውቃለሁ። ሌላውን ስጠይቃቸው "ድህነት ነበር፣ ምን ይወራል" ብለው ይዘጉታል።

ከሲዬና ወደ ደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቡኦንኮንቬንቶ እስኪደርሱ መንገዱ ሜዳ ነው፣ ከዚያ ዳገቱ ይጀምራል። የወንድማቸው ልጅ መሪውን እያዞረ "ከፍታው እንዳያምሽ" አለኝ። ሞንታልቺኖ ከባሕር ጠለል በላይ ከ560 ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። አንኮበርን ለሚያውቅ ሰው ቆላ ነው! ዝም አልኩ። ደግሞም ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። ኮረብታው አናት ላይ ድንጋይ ከድንጋይ ተደጋግፎ ቆሟል፣ ጫፉ ላይ ምሽጉ፣ መሐል ላይ ቀጭን ማማ፣ ዙሪያው ሁሉ የወይን ተክል። መስቀል ካለፈ ሳምንቱ ስለሆነ ለቀማው ሊያልቅ ደርሷል። ቅጠሉ ቢጫ ማለት ጀምሯል። አደይ አበባ እንዳይደለ ባውቅም ዓይኔ ለጊዜው ተታለለ።

ምሽጉን ያሠሩት ሲዬናዎች ናቸው፣ በፈረንጆች 1361። ከተማዋን ድል አድርገው ከያዙ በኋላ እንዳታምፅባቸው ነው። ታሪክ ግን ዞሮ መጣ። በ1555 ሲዬና ራሷ በፍሎረንስና በስፔን ጦር ስትወድቅ እጅ አንሰጥም ያሉት ሸሽተው እዚሁ ምሽግ ገቡ፤ እስከ 1559ም "ሪፐብሊካችን አልሞተችም" እያሉ ቆዩ። ሲኞራ ይህን ለወንድማቸው ልጅ በጣታቸው እየጠቆሙ ነገሩት። እሱ ሲዬና የተወለደ ነው። "ያኔ እኛ ጋ ነው የተጠለላችሁት፣ አትርሳ" አሉት። 60 ዓመት ሲዬና ኖረው እስከ ዛሬ "እኛ" ማለት ሞንታልቺኖ ነው። እኔ ነኝ ይህ የማይገባኝ?

ልጁ ምሽጉ በር ላይ አውርዶን ለጉዳዩ ሄደ። ክንዴን ይዘው ቁልቁል ወረድን። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ድንጋዩ ያዳልጣል። ሱቁ ሁሉ ወይን ነው። ሲኞራ በየመስኮቱ ይቆማሉ። "ስንት ነው የሚለው? መነጽሬን አልያዝኩም።" መነጽሩ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ዋጋውን ስነግራቸው "ማዶና!" ይላሉ። ከዚያ ወደሚቀጥለው መስኮት። እንዲህ እያልን 300 ሜትር በአንድ ሰዓት ጨረስን።

በአደባባዩ ጎን አንድ አሮጌ ካፌ አለ፤ መስታወቱ ትልልቅ፣ መቀመጫው ቀይ ከፋይ። በ1888 ያቋቋመው ፌሩቾ ቢዮንዲ ሳንቲ ነው። ብሩኔሎ የሚባለውን ወይን ለዓለም ያስተዋወቀ ቤተሰብ ነው። አያቱ ክሌሜንቴ ሳንቲ ሲሞክሩት የነበረውን እሱ ከሳንጆቬዜ የወይን ዘር ብቻ፣ ሌላ ሳይቀላቅል፣ ለብዙ ዓመት የሚቀመጥ አድርጎ ሠራው። እዚያ ማኪያቶ ጠጥተን እግራችንን አሳረፍን።

ይህ ብሩኔሎ ዛሬ ሕግ አለው። ወይኑ ከተለቀመ በኋላ ባለው አምስተኛ ዓመት ጃንዋሪ 1 ካልሆነ ለገበያ አይወጣም። ከዚያ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ዓመት በእንጨት በርሜል ይተኛል። አስተናጋጁ ይህን ሲያስረዳን እኔ "አምስት ዓመት" የሚለው ላይ ቀረሁ። የረጅም ጊዜ ፐርሜሶ፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ለማግኘትም አምስት ዓመት በሕጋዊ መንገድ መኖር ያስፈልጋል። እኔ አራት ከመንፈቅ ላይ ነኝ። ገና በርሜል ውስጥ ነኝ ማለት ነው። ለሲኞራ ስነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ።

ምሳ ላይ ጣጣ መጣ። የአገሩ ምግብ ፒቺ ነው። ስፓጌቲ ይመስላል፣ ግን ወፍራምና በእጅ የተድቦለቦለ ነው። የሚቀርበው በከርከሮ ወጥ። አስተናጋጁ "ሞንታልቺኖ መጥቶ ከርከሮ ሳይቀምስ የሚሄድ የለም" አለ። አሳማ እንደማልበላ ነገርኩት። "ይህ አሳማ አይደለም፣ የዱር ነው" አለኝ፣ እንደ መፍትሔ። ሲኞራ ጣልቃ ገብተው "ሃይማኖቷ ነው፣ ተዋት። በነጭ ሽንኩርትና በቲማቲም አምጣላት፣ እኛም ድሮ የበላነው እሱን ነው" አሉት። መጣ። ዘይቱ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙ፤ ለጾም የተሠራ ይመስላል። ዱቄትና ውሃ ብቻ ነው፣ እንቁላል የለውም። ለምን እንደሌለው ስጠይቃቸው ሹካቸውን አስቀመጡ።

"እንቁላሉ የጌታው ነበራ።"

ሦስት ዓመት የተዘጋው ወሬ እዚያች ጠረጴዛ ላይ ተከፈተ። አባታቸው "ሜዛድሮ" ነበሩ። መሬቱም ቤቱም የጌታው ነው። ቤተሰቡ ያርሳል፣ ያጭዳል፣ ይለቅማል። ምርቱ ሲገባ የጌታው ሹም መጥቶ እኩል ለእኩል ይካፈላል። በዓል ሲመጣ ደግሞ ዶሮና እንቁላል ይወሰድለታል። ልጅ ለመዳርም የጌታው ፈቃድ ይጠየቃል። ውሉ በዓመት በዓመት ነው፣ ካልተስማማው ውጡ ይላል።

ኧረ ይህን እኔ አውቀዋለሁ አልኳቸው። እኛ "እኩል አራሽ" እንለዋለን። ምንጃር ውስጥ አያቴ እኩል አራሽ ነበሩ። የበዓሉ ዶሮም ስም አለው፣ እጅ መንሻ ይባላል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ እስኪመጣ ድረስ እንደዚያው ነበር። ሲኞራ "እናንተም?" ብለው አፈጠጡብኝ። ጣልያን በፈረንጆች 1964 አዲስ የሜዛድሪያ ውል እንዳይዋዋሉ በሕግ ከለከለች። አሮጌው ውል ግን ቀስ እያለ ነው የጠፋው። ያኔ ሰው ገበሬነቱን እየጣለ ወደ ከተማ ጎረፈ። ሲኞራም አንዷ ናቸው፤ ሲዬና መጥተው ሰው ቤት ተቀጠሩ። እንደኔ ማለት ነው። ይህንንም ትናንት ነው የነገሩኝ።

ዳቦው ጨው የለውም። የቶስካና ዳቦ እንደዚህ ነው፣ እስከ ዛሬ አልለመድኩትም። ሲኞራ "አይቡ ጨው አለው፣ በሱ ብዪው" ይላሉ ሁልጊዜ። አይብ ያሉት ፔኮሪኖ ነው፣ የበግ ወተት። ደህና ነው፤ አዋዜ ቢኖር ደግሞ...

በመጨረሻ አስተናጋጁ ብሩኔሎ ልቅዳ አለ፣ አንዱ ብርጭቆ 14 ዩሮ። ሲኞራ እምቢ አሉ። "ለሷ ትንሽ ቅዳላት፣ ለኔ ሞስካዴሎ ስጠኝ።" ሞስካዴሎ ጣፋጭ ነጭ ወይን ነው። ብሩኔሎ ሳይታወቅ በፊት ከተማዋ የተመሰገነችው በሱ ነበር። ብሩኔሎውን ቀመስኩት። እውነቱን ልናገር፣ አፍ ያደርቃል፤ በኋላ ቼሪ ቼሪ የሚል ነገር ይመጣል፣ ቆይቶም አይሄድም። ለበግ ጥብስ ይሆን ነበር። የሲኞራን ሞስካዴሎ ስቀምስ ግን "ጠጅ!" ብዬ ጮህኩ። ወርቅማ፣ ጣፋጭ፣ አበባ አበባ የሚሸት። ጌሾው ነው የቀረው። ጠጅ ምንድነው አሉኝ። ከማር የሚጠመቅ ነው፣ እንዲያውም በእኛ ቋንቋ ይህን የእናንተን ራሱ "የወይን ጠጅ" ነው የምንለው አልኳቸው። እሳቸው "ኦሲ ዲ ሞርቶ" የሚሉትን ደረቅ የለውዝ ብስኩት ወይኑ ውስጥ እየነከሩ ያዳምጡኛል። ትርጉሙ "የሙታን አጥንት" ነው። በዚህ ስም ብስኩት የሚበላ ሕዝብ የኛን ምላስና ሰንበር ለምን እንደሚፈራ ይገርመኛል።

ሲኞራ አግዳሚ ላይ አረፍ ሲሉ ብቻዬን ምሽጉ ግንብ ላይ ወጣሁ። በደቡብ አሚያታ ተራራ፣ በታች የኦርቻ ሸለቆ። ነፋሱ ጥሩ ነበር። ብዙ አልቆየሁም፣ ልቤ እሳቸው ጋ ነው።

ከዚያ ማር ገዛሁ። ሞንታልቺኖ በማርም ስም አለው፣ ሴፕቴምበር ላይ የማር ገበያ ይቆምለታል። ሻጭዋ በትንሽ ማንኪያ አሥር ዓይነት አስቀመሰችኝ። የአካሲያው ቀጭንና ነጣ ያለ ነው። ካስታኞ የሚሉት ዛፍ ማር ጥቁርና መራራ ነው፤ መድኃኒት ነው አለች፣ እውነቷን ነው፣ መድኃኒት መድኃኒት ይላል። የመረጥኩት "ሚሌፊዮሪ" የሚሉትን ነው፣ የሺህ አበባ ማር። ሁለት ኪሎ። ምን ልታደርጊበት ነው ስትለኝ ሲኞራ ቀደም ብለው "ወይን ልትሠራበት" አሏት። ሴትዮዋ ግራ ገባት።

ማታ ስንመለስ ሲኞራ መኪናውን ወደ አፈር መንገድ አስመለሱት። ሁለት ወገን ጽድ የቆመበት መንገድ ነው። ጫፉ ላይ የድንጋይ ቤት፣ ከጎኑ ሰማያዊ የመዋኛ ገንዳ። የተወለዱበት ቤት ነው። አሁን የእንግዳ ማረፊያ ሆኗል። ወርደው በከዘራቸው ቀጥ ብለው ገቡ። አንዲት ወጣት ከኮምፒውተሯ ቀና ብላ በትሕትና "ቦታ ይዛችኋል?" አለች።

"አዎ" አሉ ሲኞራ። "ከ1941 ጀምሮ።"

ልጅቷ ስክሪኑን ማየት ጀመረች፣ የእውነት! የወንድማቸው ልጅ ነገሩን ሲያስረዳት ፊቷ ቀላ፤ ይግቡ፣ ይዩት ብላ ራሷ አስጎበኘቻቸው። ምድር ቤቱ በረት ነበር። ቤተሰቡ የሚተኛው ፎቅ ላይ ነው፣ ክረምት ክረምት የበሬዎቹ ትንፋሽ ከታች ያሞቃቸው ነበር። ዛሬ በረቱ ቁርስ ቤት ነው። ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ የመስታወት ዕቃ። አንድ ፈረንጅ ጥግ ላይ ላፕቶፑን ከፍቶ ተቀምጧል። ሲኞራ ትንሽ አዩትና በጆሮዬ "ልክ እዚያ ጋ ነበር ነጩ በሬ የሚታሰረው" አሉኝ። አላለቀሱም። እንባ ያነቀኝ እኔን ነው፣ ምን እንደነካኝ እንጃ። ምናልባት አያቴን አስታውሼ ይሆናል፤ የሳቸው ጎጆ እንኳን ገንዳ ሊሠራበት፣ ቦታውም አይታወቅ።

መኪና ውስጥ ጨለማው ሲመጣ እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሎኝ ነበር።

"ያ የናንተ የማር ወይን" አሉ ዓይናቸውን ሳይከፍቱ፣ "ስንት ጊዜ ይፈጃል?"

"ሦስት ሳምንት ገደማ፣ ቤቱ ከሞቀ።"

"ሦስት ሳምንት ጥሩ ነው። አምስት ዓመት ለኔ ብዙ ነው።"

ዛሬ ጠዋት እሳቸው ሳይነሡ ማሩን በጥብጬ ጣልኩት። ጌሾው ባለፈው ፋሲካ ከአገር ቤት ከመጣልኝ የተረፈ ነው፣ ትንሽ አርጅቷል። ጋኑ የለም፣ የወይራ ዘይት የነበረበትን ትልቅ የመስታወት ዕቃ አጥቤ፣ በጨርቅ ሸፍኜ ከማሞቂያው ጎን አስቀመጥኩት። ሲኞራ ቁርሳቸውን ሳይበሉ መጥተው ጨርቁን ገለጥ አድርገው አሸተቱት። "ገና ነው፣ አይነካም" አልኳቸው። ከሰዓት በኋላም መጥተው አሸተቱት።