ብረቱ ቸኩሎ ሲደርስ

ከፀሐይ የሚወነጨፉ ብርቱ ቅንጣቶች (አዮኖች፣ ማለትም ኤሌክትሮን ያጡ የብረት፣ የኦክስጅን፣ የሂሊየምና የሌሎችም አቶሞች) ከየት እንደተነሱ ይዘታቸው ይናገራል። ይህን ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ። በራሴ እጅ ካልሞከርኩት ግን አልረካ አልኩ። በፈረንጆቹ 1997 የተወነጨፈችው የናሳዋ ኤሲኢ መንኮራኩር ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቃ ትለካቸዋለች። ዳታው ለማንም ክፍት ነው፤ አወረድኩና ጀመርኩ።

መነሻቸው በዋናነት ሁለት ነው። አንዱ ፀሐይ ላይ መግነጢሳዊ መስመሮች ተበጥሰው እንደገና ሲገጣጠሙ የሚፈጠረው ፍንዳታ ነው። ቅንጣቶቹ ለሰዓታት ታይተው ይጠፋሉ። የብረታቸው ብዛት የኦክስጅናቸውን ሊያክል ይደርሳል። የሚገርመው ግን ሂሊየም-3 ነው፤ ከተለመደው ሂሊየም-4 አንድ ኒውትሮን የሚያንሰው ቀላሉ ሂሊየም። ከፀሐይ ዘወትር በሚፈሰው የቅንጣቶች ጅረት፣ በፀሐይ ንፋስ ውስጥ፣ አንድ ሂሊየም-3 የሚገኘው ከ2,000 በላይ በሚሆን ሂሊየም-4 መሀል ነው። እዚህ ሁለቱ እኩል የሚሆኑበት ጊዜ አለ! ሌላው መነሻ ከኮሮና (ከፀሐይ ውጫዊ ከባቢ) ተገንጥሎ የሚወረወር ግዙፍ የፕላዝማ (ቻርጅ ያለው ትኩስ ጋዝ) ደመና ከፊቱ የሚገፋው ሾክ፣ ማለትም ድንገተኛ የግፊት ሞገድ፣ ነው። እሱ ለቀናት ይዘልቃል፤ ብረቱም የኦክስጅኑ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው።

መጀመሪያ ያወጣሁት አማካይ ኔጌቲቭ ሆነ። ለካ ፋይሉ ውስጥ -999.9 ማለት "እዚህ ልኬት የለም" ማለት ነው፤ እኔ እንደ ቁጥር ደምሬዋለሁ። እሱን አጽድቼ በየጥቂት ደቂቃው ብረትን ለኦክስጅን ማካፈል ያዝኩ። አንዳንዱ ክፍልፋይ ላይ ኦክስጅኑ ዜሮ ስለነበር ግራፉ አበደ። መፍትሔው ቀላል ነበር፦ ብረቱን ለብቻ፣ ኦክስጅኑን ለብቻ በሰዓት ደምሮ ከዚያ ማካፈል። ስታነጻጽሩም የሁለቱ ኃይል በኒውክሊዮን (በአቶሙ እምብርት ውስጥ ላለ ለእያንዳንዱ ፕሮቶን ወይም ኒውትሮን ሲካፈል) እኩል ይሁን።

ትልቁ ስህተቴ ግን የችኮላ ነበር። አንድ ክስተት ላይ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ብረቱ ከፍ ብሎ አየሁና ማስታወሻዬ ላይ "ፍንዳታ" ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ ያለውን ዳታ ሳየው ብረት ለኦክስጅን ያለው ሬሾ ቁልቁል ወርዷል። ምን ሆነ? የብረት አዮን ከክብደቱ አንጻር የሚሸከመው ቻርጅ ከኦክስጅን ያነሰ ነው። ስለዚህ በመንገድ ላይ ያለው የመግነጢስ ሁከት ብዙም አይበትነውም፤ ቀድሞ ይደርሳል። ኦክስጅኑ እየተንገላታ ኋላ ይመጣል። እኔ መነሻ ብዬ ያነበብኩት መንገዱን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ክስተቱ እስኪያልቅ ሳልጠብቅ፣ ሂሊየም-3ንም ሳላይ አልፈርድም። በዚያ ክስተት ሂሊየም-3 ምንም ከፍ አላለም፤ የቀናቱን ድምር ሳወጣም ሬሾው የሾክ ሆኖ ተገኘ። አሁን የያዙኝ መሀል ላይ የሚወድቁት ናቸው። ሾኩ ከቀደሙ ፍንዳታዎች ተርፈው የሚንሳፈፉ ቅንጣቶችን አንስቶ እንደገና ሲያፈጥናቸው የሁለቱም መልክ አንድ ግራፍ ላይ ይታያል። ማታ ማታ እነሱን እየለየሁ ነው።