የገዛ እጄ ኮምፒውተርና የቀይዋ ቁልፍ ጣጣ

ደብረ ብርሃን ላይ መብራት ሲጠፋ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው በር ከፍቶ የጎረቤትን መስኮት ማየት ነው። አምና ጥር ላይ አንድ ማታ እማዬ እንደዚያው አደረገች። የጎረቤት መብራት አለ። ዞር ስትል እኔ መሬት ላይ ቁጭ ብያለሁ፤ ከፊቴ ካለው ሳጥን ጭስ ይወጣል። "ደግሞ ምን አቃጠልክ?" አለችኝ። እነግራችኋለሁ።

ነገሩ የጀመረው ከዕቁብ ነው። 60 ሺህ ብር ወጣልኝና ጌም የሚያጫውት ኮምፒውተር ልገዛ ተነሳሁ። ዋጋ ሳጠና የከረምኩት በ2016 ነበር። ሐምሌ 22 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል ግን ያ ሁሉ ጥናት ተረት ሆነ። 57 አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የኮምፒውተር ዕቃ ደግሞ ሁሉም ከውጭ ነው የሚገባው። በፊት "ሱቅ የገጣጠመውን፣ ዝግጁውን ነው የምገዛው" እል የነበርኩት ሰውዬ ካልኩሌተር ይዤ ቁጭ አልኩ።

አዲስ አበባ ወርጄ ያየሁት ዝግጁ ኮምፒውተር 72 ሺህ ተባለ፤ ያውም ያለ ሞኒተር። ጎኑ መስታወት ነው፣ ውስጡ ቀይ ሰማያዊ መብራት ይጨፍርበታል። ሻጩ ልጅ "ወንድሜ፣ 1050 ቲአይ ነው ያለበት፣ ኦርጅናል" አለኝ፤ የጌሙን ምስል የሚሠራው ግራፊክስ ካርድ ስም ነው። ከኋላ ዞሬ ሳይ የካርዱ ላይ ያቺ ሰማያዊ፣ የድሮዋ የቪጂኤ የስክሪን መሰኪያ አለች። የካርዱ ሠሪ ኤንቪዲያ 1050 ካለበት ከ10ኛው ተከታታይ ጀምሮ በቪጂኤ የሚሄደውን የአናሎግ ምስል ማውጣት ትቷል። ቪጂኤ ያለበት 1050 ቲአይ ካያችሁ ብዙ ጊዜ አሮጌ ካርድ ነው፤ ባዮሱን፣ ማለት ውስጡ ያለውን መነሻ ፕሮግራም፣ ቀይረው አዲስ ስም ሰጥተውታል። በፍላሽ ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም ይዤ ነበር። የተጭበረበረ ካርድ ሲያገኝ ስሙ ፊት "ፌክ" ብሎ ይጽፋል። "ልሞክረው?" ስለው "ፍላሽ አናስገባም፣ ቫይረስ" አለኝ። አመስግኜ ወጣሁ።

ሐሜት እንዳይሆንብኝ፣ የአክስቴ ልጅ ሌላ ሱቅ ዝግጁ ገዝቶ እስካሁን እየተጫወተበት ነው። ማራገቢያው ሲበላሽ ወስዶ ቀየሩለት። ጉድለቱ 8 ጊጋ ራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ) በአንድ ቁራጭ ብቻ መግባቱ ነበር። ሁለት ባለ 4 ቢሆን ፕሮሰሰሩ፣ ዋናው አሳቢ ቺፕ፣ በሁለት መስመር ስለሚያነብ ይፈጥናል። ዝግጁ የሚሠሩት ሰዎች የሚቆጥቡት እንዲህ ዓይናችሁ የማያየው ቦታ ላይ ነው። ብሽቀቱ እኔም እዚያው ላይ መቆጠቤ ነው።

ዕቃውን ለየብቻ ገዝቼ ራሴ ለመገጣጠም ወሰንኩ። ያገለገለ ራይዘን 5 2600 ፕሮሰሰር ሁሉም ነገር ከሚሰካበት ሰሌዳ፣ ከነማዘርቦርዱ፣ በ19 ሺህ፣ 16 ጊጋ ራም በ5,500 ገዛሁ። ከላምበረት ተሳፍሬ ሸኖን፣ ጫጫን አልፌ ማታ ቤት ገባሁ። ከአንድ ጓደኛዬ ፓወር ሰፕላይ (የሶኬቱን ኤሌክትሪክ ለኮምፒውተሩ የሚያከፋፍለውን ሳጥን) ተውሼ አበራሁት። ማራገቢያው ይዞራል፣ ስክሪኑ ጨለማ ነው። ራሙን አውጥቼ አስገባሁ፤ ያው ነው። ተሸውጃለሁ ብዬ በነጋታው 130 ኪሎ ሜትሩን ተመልሼ ሄድኩ። ነጋዴው ሳቀ። "ይሄ ፕሮሰሰር የራሱ ምስል የለውም እኮ! ካርድ ሳትሰካ ምን ልታይ ነበር?" እውነቱን ነው። ከራይዘን 2000ዎቹ ምስል የሚያወጡት መጨረሻቸው ላይ "ጂ" ያላቸው ናቸው። ይህን አንድ ፊደል ባለማወቄ አንድ ቀንና የደርሶ መልስ ትራንስፖርት ከፈልኩ። እዚያው ያገለገለ ጂቲኤክስ 1650 ካርድ በ17 ሺህ ገዛሁ፤ በጂፒዩ-ዚ ፈትሼ፣ ሩብ ሰዓት ጌም አስከፍቼ።

የቀረኝ የራሴ ፓወር ሰፕላይ፣ ሁሉን የሚይዘው ሳጥን ማለት ኬዝ፣ እና ፋይል ማስቀመጫው ኤስኤስዲ ነበር። ብሩ እየሳሳ ነው። "450 ዋት" የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ፓወር ሰፕላይ በ1,800 ብር አገኘሁ። በእጄ ስይዘው እንደ ባዶ ጣሳ ቀለለኝ። ያኔ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ፤ ጥሩ ፓወር ሰፕላይ ውስጡ ብረትና መዳብ አለበት፣ ይከብዳል።

ጥር ነው፣ ውጪ ውርጭ ነው። ባና ተከናንቤ ነው የምገጣጥመው። የበግ ጠጉር ደግሞ በደረቅ ብርድ ስታንቀሳቅሱት ጭር ጭር ይላል፤ ያቺ ብልጭታ ቺፕ ልትገድል ትችላለች። ስለዚህ ባናውን ጣልኩና የኬዙን ብረት እየነካሁ በብርድ እየተንቀጠቀጥኩ ሠራሁ። በዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ከኋላ ያለችውን ቀይ ቁልፍ አላየኋትም። ጥፍር የምታክል ናት። አንድ ጎኗ 115፣ ሌላው 230 ይላል። የኔዋ 115 ላይ ነበረች።

ሶኬቱን ሰካሁ። ጧ! የቤቱ ብሬከር ወረደ። የተቃጠለ ዓሣ የመሰለ ሽታ ክፍሉን ሞላው።

115 ላይ ስትሆን ውስጥ ያለው ሰርኪዩት የገባውን ቮልቴጅ እጥፍ ያደርገዋል፤ አሜሪካ ላለ ሶኬት ነው። የኛን 220 ስትሰጡትም ያንኑ ያደርጋል። ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ካፓሲተር አይችለውም። ሌሊቱን እንቅልፍ የሚባል አልነበረም። 40 ሺህ ብር የሚያወጣ ዕቃ ተያይዞ ሄደ ብዬ ነበር። ጠዋት ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ኮምፒውተር የሚጠግን ጓደኛዬ በራሱ ፓወር ሰፕላይ ሞከረው፤ ማዘርቦርዱ ተረፈ። ቀጥሎ በ5,500 ብር 500 ዋት፣ 80 ፕላስ ብሮንዝ የሚል (ኤሌክትሪክ ያለማባከን ደረጃ ነው) ገዛሁ። ቀይ ቁልፍ የለውም፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት የገባለትን ራሱ ያስተካክላል። ከባድም ነው፤ ያዝ አድርጌ ሳየው ደስ አለኝ።

ከ3,800ው ኤስኤስዲና ከ3,000ው ኬዝ ጋር፣ የተቃጠለውም ተደምሮ 55,600 ወጣ። ሦስት ጊዜ አዲስ አበባ መመላለሱን ከጨመርኩ 58 ሺህ አካባቢ። ሞኒተሬ አሮጌ ባለ 60 ኸርዝ፣ በሰከንድ 60 ምስል ብቻ የሚያሳይ ስለሆነ ካርዱ ከዚያ በላይ ቢሰጠኝም አላየውም። ፊፋና ጂቲኤ ፋይቭ ያለ ችግር ይሄዳሉ። አየሩ እዚህ ቀጭን ነው፤ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ማራገቢያ የሚገፋው አየር ከባሕር ጠረፍ ይልቅ በሩብ ያህል ይቀላል። ግን ብርዱ ያካክሰዋል። ድመታችን ከኬዙ ኋላ የሚወጣውን ሙቀት አግኝታ ቦታዋን እዚያ አድርጋለች።

አሁን ሰው ሲጠይቀኝ "ራስህ ገጣጥም" ብዬ አልጀምርም። መክፈትና መዝጋት የማይወድ ከሆነ ያገለገለ የቢሮ ታወር ገዝቶ 1650 ይሰካበት እላለሁ። ካርዱ 75 ዋት ብቻ ስለሚፈልግ ብዙ ሞዴሎች ከፓወር ሰፕላዩ ተጨማሪ ገመድ አይፈልጉም። ቀጭኑን፣ ስሊም የሚባለውን ታወር ግን እንዳትገዙ፤ የሚገባበት ቁመቱ አጭር የሆነ ካርድ ብቻ ነው። ጎረቤቴ የሆኑ፣ አስተማሪ የነበሩ አንድ ጋሼ ለልጃቸው እንዲህ አድርገውለት 36 ሺህ ወጣ፣ ምንም ሳይፈነዳ። ችግሩ የእሳቸው ፕሮሰሰር የኢንቴል 4ኛ ትውልድ አይ5 ነው። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል በአብዛኛው ከ8ኛ ትውልድ በታች አይቀበልም፤ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል።

የኔ ማዘርቦርድ ባዮሱ ከታደሰ ራይዘን 5 5600ን ይቀበላል። የሚቀጥለው ዕቁብ ለእሱ ነው። እማዬ ግን ገና ጠመንጃ መፍቻ ስታይ ሄዳ ብሬከሩ አጠገብ ትቆማለች።